ለአሮጌ ትራክተር የትኛው የሞተር ዘይት ይሻላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕድሜ ጠገብ ትራክተር ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ ዘይት የተደረደረበት መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ መጋባቱ አይቀርም። ጀሪካኑ ብዙ ነው። ሁሉም ፊቱ ላይ "ምርጥ" ይላል። የትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ፣ ያውም ከተገኘ፣ ዛሬ ማንም የማይጠራቸውን ፊደላት ይጠራል።

እኔ ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍጣ ማሴ ፈርጉሰን 135 አለኝ። በሱ የተነሳ ብዙ ሰው ስለ ዘይት ይጠይቀኛል። ጥያቄው ሁልጊዜ የሚጀምረው "የትኛው ብራንድ ይሻላል?" ተብሎ ነው። እኔ ግን መልሼ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ሞተሩ ምን ዓይነት ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) አለው? እስከ ዛሬ ምን ዘይት ሲደረግለት ኖረ? የሚሠራበት ቦታ ምን ያህል ይሞቃል፣ ምን ያህልስ ይበርዳል? እነዚህ ሦስቱ ከታወቁ ምርጫው ራሱ ይጠብባል። ብራንዱ የመጨረሻው ጉዳይ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ የማነብበት ጊዜ የለኝም። ባጭሩ ምን ልግዛ?

ትራክተራችሁ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሄድና ደህና ፊልትሮ ያለው ከሆነ 15ደብሊው-40 የሆነ ሚኒራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ፣ ሲንተቲክ ያልሆነ) ዘይት ግዙ። ጀርባው ላይ "ኤፒአይ ሲኤች-4" ወይም "ኤፒአይ ሲአይ-4" የሚል ይሁን። ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ትራክተሩ ፊልትሮ የሌለው ከሆነ፣ በቤንዚን ወይም በኬሮሲን የሚሠራ ከሆነ፣ ወይም ታሪኩን የማታውቁት ከሆነ ግን ትንሽ ታገሱና ወደ ታች አንብቡ።

ጀሪካኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮችና ፊደላት እንዴት ነው የማነባቸው?

ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ የዘይቱን ውፍረት ይናገራል። ሌላው የዘይቱን ችሎታ ይናገራል። ብዙ ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

ውፍረቱን የሚናገረው ኤስኤኢ የሚባለው መለኪያ ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር በ1911 ያወጣው ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል። 15ደብሊው-40 በሚለው ውስጥ "ደብሊው" የብርድ ወራትን ነው የምትወክለው። ከፊቷ ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይንቀሳቀሳል። 15ደብሊው ሞተር በብርድ ሲነሳ የሚኖረው ውፍረት የሚፈተነው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው፤ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25 ላይ። መጨረሻ ያለው 40 ደግሞ በ100 ዲግሪ፣ ማለትም ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል።

ችሎታውን የሚናገረው ኤፒአይ፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ነው። በ"ኤስ" የሚጀምር ለቤንዚን ሞተር፣ በ"ሲ" የሚጀምር ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለተኛዋ ፊደል በእንግሊዝኛው የፊደል ተራ ወደ መጨረሻው በተጠጋች ቁጥር ዘይቱ አዲስ ትውልድ ነው። ሲዲ በ1955 መጣ። ሲኤች-4 በ1998፣ ሲአይ-4 በ2002፣ ሲኬ-4 በ2016 መጨረሻ።

የጀሪካኑን ፊት እርሱት። አዙራችሁ ጀርባውን አንብቡ። እዚያ ኤፒአይ የሚል ነገር ከሌለ እኔ ያንን ዘይት አልገዛም።

የትራክተሬ መመሪያ "ዲጂ"፣ "ኤምኤስ" ወይም "ሲሪስ 3" ይላል። ይህ ዘይት የታለ?

በዚያ ስሙ የለም። ፊደላቱ ግን ዛሬ ትርጉም አላቸው። እስከ 1970 አካባቢ ኤፒአይ የቤንዚን ሞተሮችን ዘይት ኤምኤል፣ ኤምኤም፣ ኤምኤስ ብሎ፣ የናፍጣውን ደግሞ ዲጂ፣ ዲኤም፣ ዲኤስ ብሎ ይከፍል ነበር። ሦስቱ ደረጃዎች ከቀላል ሥራ ወደ ከባድ ሥራ ይሄዳሉ። "ሲሪስ 3" የሚለው በኋላ ሲዲ ከተባለው ጋር ይቀራረባል። አንዳንድ መመሪያ "ሚል-ኤል-2104ቢ" የሚል የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መለያ ይጠቅሳል፤ ያ ከሲሲ ጋር ይመጣጠናል።

ዛሬ የሚሸጥ ሲኤች-4 ዘይት ከነዚህ ሁሉ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ስለዚህ ፊደሉን በዓይነቱ ፍለጋ አትንከራተቱ። ከመመሪያው መውሰድ ያለባችሁ ውፍረቱን ነው።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። "ኤፒአይ ኤስኤ" የሚል ዘይት አሁንም አንዳንድ ቦታ ይሸጣል። ርካሽ ነው። ምንም ተጨማሪ ኬሚካል የሌለው ጥሬ ዘይት ነው። ኤፒአይ ራሱ ከ1930 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይሆን ይናገራል። "ትራክተሬ አሮጌ ነው፣ ይበቃዋል" ብላችሁ እንዳትገዙት።

መመሪያው "ኤስኤኢ 30" ይላል። 15ደብሊው-40 ባደርግለት ይጎዳል?

አይጎዳም። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እጠየቃለሁና ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

እነዚያ ትራክተሮች ሲሠሩ ገበያ ላይ የነበረው ዘይት ባብዛኛው ባለ አንድ ውፍረት ነበር። ስለዚህ መመሪያው እንደ አየሩ ዘይት እንድትቀያይሩ ያዛል። በብርድ 10 ወይም 20፣ በሙቀት 30፣ በጣም ሲሞቅ 40። ገበሬው ወቅት በተለወጠ ቁጥር ዘይት ይለውጥ ነበር ማለት ነው። መልቲግሬድ የምንለው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት የመጣው ይህን ጣጣ ለማስቀረት ነው። ሲበርድ እንደ ቀጭን ዘይት ይፈስሳል፤ ሲሞቅ ግን ቀጥኖ ውሃ አይሆንም።

አሁን ኤስኤኢ 30ንና 10ደብሊው-30ን ጎን ለጎን አስቡ። ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም በ100 ዲግሪ የሚለኩት በአንድ ወሰን ውስጥ ነው። ልዩነቱ ጠዋት ነው። ቀዝቃዛ ጠዋት ኤስኤኢ 30 እንደ ማር እየጎተተ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። የሞተር መበላት ደግሞ በብዛት የሚከሰተው በነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ውስጥ ነው፤ ዘይቱ የቫልቮቹ ዘንግ ጋ ሳይደርስ ብረት ብረትን በሚነካበት ጊዜ። 15ደብሊው-40 ሲሞቅ ከኤስኤኢ 30 ትንሽ ይወፍራል። ለአንድ ብዙ ለሠራ፣ ክፍተቱ ትንሽ ለሰፋ ሞተር ያ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም።

ኤስኤኢ 30ን ዛሬም የምመክርበት ቦታ አለ። ትራክተሩ በሞቃት አየር ብቻ ከሠራና ባለቤቱ በሱ ደስተኛ ከሆነ ይቀጥል። ግን ኤስኤኢ 30 ሲገዛ ኤፒአይ ሲኤፍ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ይግዛ። "ባለ አንድ ቁጥር" ማለት "ኬሚካል የሌለው" ማለት አይደለም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

በነገራችን ላይ፣ የማርሽ ዘይት ላይ የምታዩት 80 ወይም 90 በሌላ ሚዛን የተለካ ነው። 90 የማርሽ ዘይት ከ40 ወይም ከ50 የሞተር ዘይት ጋር ነው የሚቀራረበው። ሦስት እጥፍ ወፍራም ነው ብላችሁ እንዳትደነግጡ።

አዲስ ዘይት አጣቢ ኬሚካል ስላለው የድሮውን አተላ አንስቶ ሞተሩን ይዘጋዋል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ሰዎችን ለዓመታት መጥፎ ዘይት ሲያስገዛ የኖረ ፍርሃት ነው።

ድሮ አጣቢ (ዲተርጀንት) የሌለው ዘይት ጥቀርሻውን ይዞ አይዞርም ነበር። ጥቀርሻው ወርዶ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ፣ የቫልቭ ክዳኑ ሥር፣ በየጥጋጥጉ ይተኛል። ያኔ ፊልትሮ የሌላቸው ሞተሮች ነበሩ። ከ1917 ጀምሮ የተሠራው ፎርድሰን ኤፍ ዘይቱን በመርጨት ብቻ ነበር የሚያዳርሰው። እንደ ፎርድ 8ኤን ያሉት ደግሞ ከዘይቱ ጥቂቱን ብቻ የሚያጣራ፣ ባይፓስ የሚባል ፊልትሮ ነበራቸው። በነሱ ዘመን ቆሻሻው ወርዶ ቢተኛ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበር። ለዘመኑ ያስኬዳል።

አጣቢ ያለው ዘይት ጥቀርሻውን በጣም ደቃቅ አድርጎ ተንሳፎ እንዲቆይ ያደርገዋል። ዘይቱ ሲቀየር አብሮት ይወጣል። ለዚህ ነው ቶሎ የሚጠቁረው። መጥቆሩ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ይህ ለሞተር የተሻለ ነው፤ ፊልትሮ ለሌለው ሞተር እንኳ። ፊልትሮ የሌለው ዘይቱን ቶሎ ቶሎ ይቀይር፣ በቃ።

አደጋው ያለው ለሠላሳና ለአርባ ዓመት በጥሬ ዘይት በኖረ ሞተር ላይ ነው። የኔን ትራክተር በገዛሁ ሰሞን ኮፓውን ፈትቼ አወረድኩት። ታች ሁለት ጣት የሚያህል ጥቁር አተላ ተኝቷል። እንደ ረጋ ሙጫ ነው፤ በጣት ስትጫኑት ይሰረጉዳል፣ ግን አይፈስም። የፓምፑን ወንፊት ሳየው ግማሹ ተደፍኗል። በእንጨት መፋቂያ ፍቄ፣ በናፍጣና በብሩሽ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ መለስኩት። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያን ጊዜ ብቻ ነው አዲሱን ዘይት የሞላሁት።

እናንተም ታሪኩን የማታውቁት ትራክተር ከያዛችሁ መጀመሪያ የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱ። ከሥሩ ቡናማና ንጹሕ ከሆነ ችግር የለም፣ ሙሉና ሂዱ። በወፍራም አተላ ከተሸፈነ ኮፓውም እንደዚያው ነው። ወርዶ ይጠረግ። ከዚያ አጣቢ ያለው ዘይት ይሞላ። የመጀመሪያው ዘይት ከ20 ወይም ከ25 ሰዓት ሥራ በኋላ ከነፊልትሮው ይቀየር። የሚቀጥለው በ50 ሰዓት። ከዚያ ወደ መደበኛው ተመለሱ።

ናፍጣ ወይም ኬሮሲን ኮፓው ውስጥ ጨምሬ፣ ሞተሩን አስነስቼ ባጥበውስ?

እባካችሁ አታድርጉት። ኬሮሲን ብረትና ብረት መሐል የሚቆይ ንጣፍ የለውም። ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸው ብሮንዞች በደቂቃዎች ውስጥ ይጫራሉ። የተላቀቀው አተላ ደግሞ ተጠራርጎ የሚሄደው ወደ ፓምፑ ወንፊት ነው። እጃችሁ የማይደርስበትን አተላ ለጥሩ ዘይት ተዉለት፤ ቀስ እያለ ያወጣዋል።

ትራክተሬ በቤንዚን ነው የሚሄደው። የናፍጣ ሞተር ዘይት ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። እንዲያውም እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ምክንያቱ ዚንክ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዘይት ውስጥ የሚገባ ዜድዲዲፒ የሚባል የዚንክና የፎስፈረስ ውህድ አለ። ብረት ብረትን በኃይል በሚጫንበት ቦታ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ብረቱን ያድናል። የድሮ ሞተሮች ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ታፔቱን (በሱና በቫልቩ መሐል ያለውን ገፊ) የሚገፋው በቀጥታ እየተፋተገ ነው። የአሁን መኪኖች ብዙዎቹ እዚያ ቦታ ላይ የሚሽከረከር ሮለር አላቸው። ፎስፈረሱ የጭስ ማጣሪያውን ስለሚጎዳ በአዳዲሶቹ የቤንዚን ዘይቶች፣ በተለይም ቀጫጭኖቹ ላይ፣ መጠኑ ወደ 800 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 800 እጅ) ወርዷል። የናፍጣ ዘይት ግን እስከ 1200 ፒፒኤም ድረስ ይይዛል። የድሮ ካምሻፍት የሚፈልገው ይህንን ነው።

ስለዚህ ለቤንዚን ትራክተር 10ደብሊው-30 ወይም 15ደብሊው-40 የናፍጣ ዘይት ጥሩ ነው። ለአዲስ መኪና የተሠራውን 0ደብሊው-20 ግን አታስቡት።

በኬሮሲን ለሚሠራ ትራክተርስ?

ውፍረቱም ዓይነቱም ያው ነው። ልዩነቱ ጥንቃቄው ነው። በ1946 እና በ1956 መካከል ከተሠሩት ቲኢ20 ፈርጉሰኖች ውስጥ በቤንዚን ተነስተው በኬሮሲን መሰል ነዳጅ የሚሠሩ ነበሩ። ይህ ነዳጅ በደንብ ካልጋለ ሙሉ በሙሉ አይተንም። ያልነደደው በሲሊንደሩ ግድግዳ እየወረደ ኮፓው ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ይቀጥናል።

ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ከቤንዚን ወደ ኬሮሲን አትቀይሩ። ራዲያተሩ ፊት መጋረጃ ካለው ተጠቀሙበት። የመለኪያ ዘንጉን በየቀኑ እያወጣችሁ አሽትቱ። ኬሮሲን ኬሮሲን ካለ፣ ወይም ዘይቱ ሳትጨምሩበት ከፍ ካለ፣ ሰዓቱን አትጠብቁ፤ ቀይሩት።

እንደ ላንዝ ቡልዶግ ያሉ፣ የሲሊንደር ራሳቸው በእሳት ግሎ የሚነሱ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች አሠራራቸው ሌላ ነው። ይህ ገጽ ለነሱ አይሆንም።

የዘይት ግፊት መለኪያዬ ዝቅ ብሏል። ወፍራም ዘይት ባደርግ ይስተካከላል?

መርፌው ይስተካከላል። ሞተሩ ላይስተካከል ይችላል።

ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ በጠባብ ክፍተት ለማለፍ ስለሚታገል ነው። ብሮንዞቹ ሲበሉ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ በቀላሉ ያልፋል፣ መርፌው ይወርዳል። ወፍራም ዘይት ስታደርጉ ትግሉ ይጨምርና መርፌው ይነሳል። ዓይናችሁ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ለብሮንዙ የሚደርሰው ዘይት ብዛቱ ይቀንሳል። ብሮንዙን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ በላዩ የሚያልፈው ዘይት ነው።

ስለዚህ ዘይት ከመቀየራችሁ በፊት ሌላውን አጣሩ። መጀመሪያ መለኪያው ራሱ እውነት ይናገራል ወይ? ሃምሳ ዓመት የተንቀጠቀጠ መለኪያ ሊዋሽ ይችላል። ሌላ ደህና መለኪያ አስራችሁ አወዳድሩ። ቀጥሎ የፓምፑ ወንፊት። ቀጥሎ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ፤ ሱስታው ሊደክም፣ ሥሩ ቆሻሻ ሊገባበት ይችላል። ቀጥሎ ናፍጣ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ብቻ ነው ወደ ብሮንዝ የሚኬደው።

ደግሞ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ መርፌው ዝቅ ማለቱ ያለ ነገር ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ከፍ ካለና ከጸና አትጨነቁ። መለኪያው በፒኤስአይ ከሆነ ወደ ባር ለመቀየር በ14.5 አካፍሉት፤ ከዚያ ከመመሪያው ጋር አስተያዩት።

20ደብሊው-50ን የምቀበልበት ጊዜ አለ። አየሩ በጣም ሞቃት ሲሆን፣ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ባለቤቱም የሚያሠራበትን ገንዘብ እያጠራቀመ ሲሆን። ጊዜ መግዣ ነው። ይህን እያወቃችሁ ከሆነ ችግር የለውም።

ሲንተቲክ ዘይት ይሻላል?

ሲንተቲክ፣ ማለትም በፋብሪካ በኬሚካል የተሠራ ዘይት፣ ሞተሩን አይጎዳም። ከሚኒራል ጋርም ይደባለቃል። ብርዱ ለሚያስጨንቅ ቦታ ጥሩ ነው፤ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ወርዶም ይፈስሳል። ከዚያ ውጪ ለአሮጌ ትራክተር ገንዘቡ የሚያወጣ አይመስለኝም። የሲንተቲክ ትልቁ ጥቅም ለረጅም ሰዓት አለመበላሸቱ ነው። አሮጌ ትራክተር ደግሞ ዘይቱን በአጭር ጊዜ መቀየር አለበት። ሌላው የማያስደስት ነገር ማንጠብጠቡ ነው። የነዚህ ሞተሮች የዘይት ማገጃ ከገመድ፣ ጋስኬቱ ከቡሽ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ለዓመታት አተላ የደፈነውን ቀዳዳ ንጹሕ ዘይት ያገኘዋል።

ሲኬ-4 ከሁሉም አዲስ ነው። ለምን እሱን አልመከርክም?

ከተገኘ አድርጉት፤ ይሠራል። ሲኤች-4ን ወይም ሲአይ-4ን ያስቀደምኩት በናፍጣው ምክንያት ነው። ናፍጣ ውስጥ ድኝ አለ። ድኙ ሲቃጠል አሲድ ይሆናል። አሲዱን የሚያረክሰው ዘይቱ ውስጥ ያለው ክምችት ነው፤ ቲቢኤን በሚባል ቁጥር ይለካል። ሲጄ-4ና ሲኬ-4 የተሠሩት ድኙ ለተቀነሰ ናፍጣ፣ ቢበዛ እስከ 500 ፒፒኤም ላለው ነው። ሲኤች-4 ግን እስከ 0.5 በመቶ፣ ማለትም 5000 ፒፒኤም ድኝ ያለውን ናፍጣ ታስቦ ነው የተቀመመው። የምትቀዱት ናፍጣ ንጹሕ መሆኑን ካላረጋገጣችሁ የቆየው ደረጃ ይሻላችኋል።

አንድ ፈጽሞ የማይሆን አለ። ኤፍኤ-4። ከሲኬ-4 ጋር በ2016 አብሮ የመጣ፣ ለአዳዲስ የጭነት መኪና ሞተሮች ሆን ተብሎ የቀጠነ ዘይት ነው። ለድሮ ሞተር አይደረግም። ፊደሉ ስለሚቀራረብ ተጠንቀቁ።

ዘይቱን በስንት ጊዜ ልቀይር?

መመሪያው የሚለውን ሰዓት ያዙ። ብዙዎቹ ከ100 እስከ 250 ሰዓት ይላሉ። ድኝ በበዛበት ናፍጣ ግማሹን አድርጉት። ትራክተሩ ብዙ የማይሠራ ቢሆንም እንኳ በዓመት አንዴ ይቀየር። ትንሽ ተነስቶ የሚጠፋ ሞተር ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል፤ አሲዱም እዚያው ይቀመጣል። ለወራት ልታቆሙት ከሆነ ከማቆማችሁ በፊት ቀይሩ፤ አሮጌው ዘይት ከነአሲዱ ብሮንዙ ላይ ተኝቶ አይክረም።

ሲቀየር ሞተሩ ሞቆ ይሁን። ፊልትሮውን ስትቀይሩ የጎማ ቀለበቱን በደንብ ፈልጉት። አሮጌው ላይኛው ቦይ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። አዲሱ በላዩ ከተደረበ ዘይቱ በግፊት ይረጫል። በጥፍራችሁ ወይም በቀጭን ሽቦ አውጡት።

የወጣውን ዘይት መሬት ላይ አትድፉ። በክዳናም ጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚረከብ ስጡ። ቆዳንም ይጎዳልና እጃችሁን በደንብ ታጠቡ።

ዘይቱ ደህና መሆኑን ሳልመረምር በዓይን ማወቅ እችላለሁ?

ብዙ ማወቅ ይቻላል። ሞተሩ እንደጠፋ የመለኪያ ዘንጉን አውጡና አንዲት ጠብታ ነጭ መምጠጫ ወረቀት ላይ ጣሉ። ወረቀቱን ከሥሩ ምንም እንዳይነካው በሁለት ነገር መሐል አጋድማችሁ እስከ ማግሥቱ ተዉት። ጠዋት ስታዩት ጠብታው ክብ ሠርቷል። ጥቁረቱ ከመሐል ወደ ዳር እኩል እየሳሳ ከሄደ ዘይቱ ቆሻሻውን መሸከም ይችላል። ጥቁሩ መሐል ላይ ብቻ ተሰብስቦ ዳሩ በቢላ የተቆረጠ ከመሰለ አቅሙ አልቋል። ከዳር በኩል ሰፊ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀለበት ካለ ነዳጅ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል።

ውሃ ከጠረጠራችሁ የጋለ ብረት ላይ አንዲት ጠብታ ጣሉ። ከተንጣጣ ውሃ አለው። ሊፈናጠር ይችላልና ፊታችሁን አርቁ።

ዘይቱ ወተት መሰለ። ወይም ደረጃው ከፍ አለ። ዘይቱ አልተስማማውም ማለት ነው?

አይደለም። ይህ የዘይት ምርጫ ጉዳይ አይደለም። ወተት መሰለ ማለት ውሃ ገባ ማለት ነው። የመሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ነጭ አረፋ ብቻ ከሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ እየጠፋ ነው፤ ሥራ ስጡት። ሙሉው ዘይት ከነጣ ግን የተበላሸ የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት፣ ወይም የሲሊንደር እጅጌዎቹ ታች ያሉት የጎማ ቀለበቶች፣ ወይም የተሰነጠቀ ብረት አለ።

ከፍ ብሎ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ መጀመሪያ ናፍጣ የሚገፋውን ትንሿን ፓምፕ ተመልከቱ። ውስጧ ያለው ስስ ጎማ ሲቀደድ ናፍጣውን ቀጥታ ኮፓው ውስጥ ትጨምራለች። በሁለቱም ጊዜ ሞተሩን አታስነሱ።

ሞተሩ ገና ወርዶ ተሠርቷል። ምን ዘይት?

ሚኒራል ብቻ። ሲንተቲክ አይሆንም። አዲሶቹ የፒስተን ፋሻዎች ከሲሊንደሩ ጋር ተፋትገው መግጠም አለባቸው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ጥሩ ከሆነና ሥራው ከቀለለ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ያኔ ሞተሩ አዲስ ሆኖ ሳለ ዘይት መብላት ይጀምራል። በሚኒሞ ለረጅም ጊዜ አታቁሙት። ሲሞቅ ማረሻ ወይም ጋሪ አስራችሁ እውነተኛ ሥራ አሠሩት። ዘይቱን በ25 ወይም በ50 ሰዓት ቀይሩ።

ያንኑ ዘይት ለማርሽ ሳጥኑና ለሃይድሮሊኩ ባደርግስ?

መመሪያውን እዩ። በፈርጉሰንና በፎርድ ኤን ትራክተሮች ማርሹ፣ ዲፈረንሻሉና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት ይጋራሉ፤ የሞተሩ ግን ለብቻው ነው። ጀሪካን ላይ ዩቲቲኦ የሚል ካያችሁ ለማርሽና ለሃይድሮሊክ እንጂ ለሞተር አይደለም። ኤስቲኦዩ የሚባለው ግን ለሞተርም ለሌላውም ታስቦ የተሠራ ነው። "የትራክተር ዘይት" የሚለውን ቃል ብቻ አይቶ ዩቲቲኦ ሞተር ውስጥ የሞላ ሰው አውቃለሁ። ቶሎ ተደርሶበት ተርፏል።

የሞተሩን ዘይት በእርግጥ የምትጋራው የአየር ማጣሪያዋ ሰሃን ናት። ዘይት የሚቀመጥባት ዓይነት ከሆነች ያንኑ ዘይት እስከ ምልክቷ ድረስ ሙሉ። ከምልክቱ አታሳልፉ፤ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ሊያቃጥለው ይችላል፤ የናፍጣ ሞተር ከሆነ ፍጥነቱ ከቁጥጥር ይወጣል።

በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጡ ማጠናከሪያዎችስ?

አያስፈልጉም። ጥሩ ዘይት ተቀምሞ ነው የሚመጣው። ገንዘቡን ለፊልትሮ አውሉት።

ለዓመታት የቆመ ትራክተር አገኘሁ። አዲስ ዘይት ሞልቼ ላስነሳው?

ቀስ በሉ። መጀመሪያ የኮፓውን ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጉ እንጂ አትፍቱት። ውሃ ካለ ከዘይቱ ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። በብርሌ ወይም በንጹሕ ጠርሙስ ተቀብላችሁ እዩት። ጥርት ያለ ውሃ ትንሽ ከሆነ ከአየሩ የተጠራቀመ ነው። የራዲያተር ውሃ ቀለም ካለው ከላይ የተናገርኩት ችግር አለ።

ከዚያ ኮፓው ወርዶ ይጠረግ። ርካሽ ያልሆነ፣ ግን ውድም ያልሆነ 15ደብሊው-40 ይሞላ። ፊልትሮው አፉ ወደ ላይ የሚገጠም ከሆነ ዘይት ሞልታችሁ ግጠሙት። ኖዝሎቹ (ናፍጣ የሚረጩት) ወይም ካንዴላዎቹ (የቤንዚን ሞተር እሳት ሰጪዎች) ይውጡና በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ ይደረግ። አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። በነፃ ከዞረ፣ ኖዝሎቹን ሳትመልሱና ፊታችሁን ከቀዳዳዎቹ አርቃችሁ፣ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) አጭር አጭር እያደረጋችሁ አሽከርክሩት። መርፌው ከዜሮ እስኪነሳ ድረስ ነዳጅ አትስጡት። አልነሳም ካለ ቁሙና የፓምፑን መሳቢያ ቱቦ ፈትሹ። ከተነሳ ኖዝሎቹን መልሳችሁ አስነሱት፤ አሥር ደቂቃ ይሥራ፣ ይጥፋ። ትንሽ ጠብቁና የመለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ የጎደለውን ሙሉ።